ዝምታችን ፍቅር ነውን?

መምህርነት ከሕፃናት ጋር ብቻ የሚሠራ ሥራ ይመስለናል። ነገር ግን መምህር በትምህርት ቤቱ ቅጥር ግቢ ውስጥ ከርእሰ መምህሩ፣ ከሥራ ባልደረቦቹ፣ ከጽዳትና ከጥበቃ ሠራተኞች፣ እንዲሁም ከወላጆች ጋር በየዕለቱ ይገናኛል። ተማሪውም ከሰሌዳው ከሚያነበው ባላነሰ፣ እነዚህ ታላላቆቹ እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ከሚያየው ይማራል። በዕድሜ አባቱ የሚሆኑትን ዘበኛ «አንተ» ብሎ የሚጠራ መምህር ስለ ሰው ልጅ ክብር ቢያስተምር፣ ተማሪው የትኛውን ትምህርት ይዞ እንደሚሄድ መገመት አያዳግትም።

ከዚህ ሰፊ ጉዳይ ዛሬ አንድ ጥያቄ ብቻ እናንሣ፤ የባልደረባን ጥፋት እያዩ ዝም ማለት ፍቅር ነውን?

ሁለት መምህራን ጎን ለጎን ባሉ ክፍሎች ያስተምራሉ እንበል። አንደኛው ተማሪዎቹን ይሰድባል፤ አልፎ አልፎም ዱላ ያነሣል። ድምፁ ግድግዳውን አልፎ ይሰማል። ጎረቤቱ ግን ለእርሱ አንዳች አይነግረውም፤ በዕረፍት ሰዓት ሻይ እየጠጣ ለሌሎች ያወራዋል። ሰውየው ሲገባ ወሬው ይቋረጣል፤ የሞቀ ሰላምታም ይከተላል። ወላጅ መጥቶ ቢጠይቅ ደግሞ «የሰማነው ነገር የለም» ይባላል። ይህንም ሁሉ ሰላም እንዳይደፈርስ ያደረግነው አድርገን እንቈጥረዋለን።

እዚህ ላይ ይሉኝታንና ፍቅርን መለየት ይገባናል። ይሉኝታ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ከብዙ ብልግናና ጠብ ጠብቆናል። ሆኖም የይሉኝታ ጥያቄ «ስለ እኔ ምን ይሉኛል?» የሚል ነው፤ የፍቅር ጥያቄ ግን «ለወንድሜ የሚበጀው ምንድን ነው?» የሚል ነው። አበውም «የሚወድህ ያስለቅስሃል፣ የሚጠላህ ያስቅሃል» ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

ጌታችን መንገዱን በቅደም ተከተል አሳይቶናል (ማቴ. 18፥15-17)። በመጀመሪያ ለብቻው፣ ባይሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዞ፣ በመጨረሻም ለማኅበሩ መንገር ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው እንጀምራለን፤ ሁሉም ከሰማ በኋላ ባለ ጉዳዩ ይሰማል።

ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ በ13ኛው መቶ ዓመት ወንድምን ማረም የፍቅር ሥራ መሆኑን፣ የበታችም አለቃውን በአክብሮት ሊያርም እንደሚችል አስተምሮአል። ደግሞም ስውር ጥፋት ሌላውን የሚጎዳ ከሆነ፣ በምሥጢር በተሰጠ ምክር ጉዳቱ እንደሚቆም እርግጠኞች ካልሆንን በቀር፣ ሳንዘገይ ለሚመለከተው ማስታወቅ እንደሚገባን ያስገነዝበናል። እንግዲህ ሕፃን ሲደበደብ ዝም ማለት ምሥጢር መጠበቅ አይባልም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የአገራችን ሕገ መንግሥትም በ36ኛው አንቀጽ ሕፃናትን በትምህርት ቤት ከሚደርስ አካላዊና ጭካኔ የተሞላበት ቅጣት ይጠብቃል።

«ብንናገር ጠብ አይነሣምን?» የሚለን ይኖራል። ሊነሣ ይችላል፤ ያለ ፍቅር የተነገረ እውነትም እንደ ሐሜት ያቈስላል። ስለዚህ በተማሪዎች ፊት ወይም በስብሰባ መካከል ሳይሆን ለብቻ፣ በቁጣ ሳይሆን በረጋ መንፈስ እንነጋገር። ከመውቀሳችንም በፊት እንጠይቅ። ምናልባት ክፍሉ ከመጠን በላይ ተጨናንቆበት፣ ወይም በቤቱ በሽተኛ ተኝቶበት ይሆናል። ሸክሙን ለማገዝ የተዘጋጀ ሰው የሚሰጠው ምክር ይሰማል።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው መግለጫ፣ መምህራን ከተማሪዎቻቸው ጋር ብቻ ሳይሆን እርስ በርሳቸውም በፍቅር እንዲተሳሰሩ አሳስቦአል። ይህ ማሳሰቢያ በየቁምስናው ትምህርተ ክርስቶስ የምናስተምረውንም ሁሉ ይመለከታል። ስለ ማን፣ ለማን ስናወራ እንደ ሰነበትን እያንዳንዳችን ኅሊናችንን እንመርምር። ለወንድማችን በፊቱ ልንነግረው ያልደፈርነውን በስተኋላው ከመናገር እንቈጠብ፤ ሊነገረው የሚገባውንም በፍቅር የምንነግርበትን ብርታት እግዚአብሔር ይስጠን።