የግድግዳው ቁጥር

በባሕር ዳርና በወረታ መካከል ባለችው ሐሙሲት የሚገኘውን የእናቴን ቤት ሳሎን ባለፈው ዓመት አሳደስኩ። ሶፍትዌር እየጻፍኩ የምኖር ሰው ነኝ፤ ያልተለካ ነገር አላምንም። የድሮው የጭቃ ግድግዳ ቀለም እንዳይጠፋ ብዬ በስልኬ ፎቶ አነሳሁትና ባለ ስድስት አሃዝ ኮዱን አወጣሁ። ግድግዳው በሲሚንቶ ተለስኖ በዚያው ኮድ ልክ የተቀመመ የዘይት ቀለም ተቀባ። «ቤቱን አደስኩ፣ መልኩን ግን አልነካሁም» እያልኩ ኮራሁ።

እናቴ ገብታ ዞር ዞር ብላ አየችና «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ አምሯል» አለች። ማታ ግን ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀምጣ አገኘኋት። «ምነው?» ስላት፣ «ዓይን አያሳርፍም» አለችኝ።

ስልኬን አውጥቼ ተከራከርኩ። የድሮውና የአዲሱ ኮድ አንድ ነው! እሷ ግን ስልኩን አላየችም፤ የምታየው ግድግዳውን ነበር።

ቆይቼ ሳስበው ልክ ነበረች። በጭቃው ምርጊት ውስጥ ጭድ አለ፣ መዳፍ ያለፈበት ጎድጓዳና ጉብታ አለ። እያንዳንዱ ጉብታ ትንሽ ጥላ ይጥላል፤ ብርሃኑም ወደየአቅጣጫው ይበተናል። ስለዚህ ከየትም ቆመው ቢያዩት ጠቆር፣ ረጋ ያለ ነው። የዘይት ቀለም ግን በበር የገባውን ብርሃን መልሶ ይወረውረዋል፤ አንዱ ጥግ ሲነጣ ሌላው ይጠቁራል። ስልኬ ከ16 ሚሊዮን በላይ ቀለሞችን በቁጥር ይለያል። እኔ የለካሁት ግን ከግድግዳው አንዲት ነጥብ ነበር።

ጥለትም እንዲሁ ቀለምን ይቀይራል። ፓሪስ ባለው የጎብለን የምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ የነበረው ኬሚስት ሼቭሮል፣ ጥቁሩ ክር ደበዘዘ የሚል አቤቱታ ሲቀርብለት መረመረ። ክሩ ደህና ነበር፤ ያደበዘዙት ጎረቤት ቀለሞቹ ነበሩ። ግኝቱን በ1839 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አወጣው። እናቴም መሶብ ስትሰፋ ቀዩን አክርማ ከጥቁሩ አጠገብ ታስገባዋለች፤ እዚያ ይነድዳል። ከብርቱካኑ አጠገብ ግን ይሞታል። ይህን ሳውቅ ነው ያደግኩት፤ ግድግዳው ላይ ስደርስ ረሳሁት።

ታዲያ የሰውን ነገር «ጠበቅኩልህ» ስንል የጠበቅነው ምኑን ነው? እኔ በቁጥር የሚያዘውን ጠበቅኩ፤ ጭዱንና የእጇን አሻራ በሲሚንቶ ደፈንኩ። በሲሚንቶው አልጸጸትም። ጭቃ በየጊዜው መለቅለቅ ይፈልጋል፣ የእናቴ ጉልበትም እንደ ድሮው አይደለም። የምጸጸተው ቀለሙን ስልኬን ጠይቄ እሷን አለመጠየቄ ነው። እዚያ ግድግዳ ሥር የምትውለው እሷ ናት። እኔ እንግዳ ነኝ።

ለፋሲካ ስመለስ የዘይቱ ቀለም ይፋቃል። ልስኑ ሻከር ብሎ፣ በማያብረቀርቅ ቀለም ሦስት ናሙና ግድግዳው ላይ ይቀባል። እሷ ጠዋትም ማታም አይታ፣ በእጇም ዳስሳ ትመርጣለች። ኮዱን የምመዘግበው ከዚያ በኋላ ነው።