የምድር ጾም፤ ስለ ተከለሉ የዱር ሥፍራዎችና ስለ አደራችን



በአራዳና በፒያሳ አካባቢ ለምንኖር ሰዎች ስለ ብሔራዊ ፓርኮችና ስለ ዱር አራዊት መናገር ከቤታችን የራቀ ነገር መስሎ ይታየን ይሆናል። ዋልያው በሰሜን ተራሮች፣ ቀይ ቀበሮው በባሌ ደጋ ነው፤ እኛ ግን በአስፋልትና በግንብ መካከል ነን። ታዲያ ይህ ጉዳይ ለቤት ኪራይ፣ ለቀለብና ለልጆቹ ትምህርት ለሚጨነቅ ምእመን ምኑ ነው? መልሱ በአጭሩ ይህ ነው፦ ምድርን ከልሎ መጠበቅ ጾም ነው፤ ይሁን እንጂ አንዱ ወገን ብቻ እየጾመው ሌላው የሚበላበት ከሆነ ጾም መሆኑ ይቀራል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በእርግጥ ሩቅ ነውን?

በፒያሳ ቆመን የምንጠጣው ቡና የዘር ምንጩ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ውስጥ ነው። በዚያ በዛፎች ጥላ ሥር ማንም ሳይተክለው የሚበቅል ቡና አለ፤ ወደፊት በሽታና ድርቅ የሚቋቋም ዝርያ የሚፈልግ ሁሉ ወደዚያ መመለስ ይኖርበታል። የከፋና የያዩ ደኖች እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የሕይወት ክበብ ጥብቅ ሥፍራነት የተመዘገቡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በየደጃፋችን የሚወርደው የከሰል ጆንያም ከአንድ ቦታ ከተቆረጠ ዛፍ የመጣ ነው። በራስ መኮንን ድልድይ ሥር የሚያልፈው ውኃ ከእንጦጦ ይወርዳል፤ ተራራው በተራቆተ መጠን ጎርፉ ያይላል።

ከተማችን የደንን ዋጋ በራሷ ታሪክ አይታዋለች። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1886 ከተቆረቆረች በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ የነበረው እንጨት ለቤት መሥሪያና ለማገዶ አለቀ። ዐፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1900 በአዲስ ዓለም ሌላ ዋና ከተማ መሥራት የጀመሩት በማገዶ እጦት ነበር። ከተማይቱን ከመፈታት ያዳናት በ1890ዎቹ ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ሆኖም ባሕር ዛፍ ማገዶውን መለሰልን እንጂ ጥዱን፣ ወይራውንና ዝግባውን፣ በእነርሱም መካከል ይኖሩ የነበሩትን አራዊትና አዕዋፍ አልመለሰልንም። ለእንጨት ምትክ ተገኘ፤ ለደን ግን አልተገኘም።

ማበጀትና መጠበቅ

ቅዱስ መጽሐፍ እግዚአብሔር ሰውን በኤደን ገነት ባኖረው ጊዜ ሁለት ሥራ እንደ ሰጠው ይነግረናል (ዘፍ. 2፥15)። አንደኛው ማበጀት ነው፤ ሁለተኛው መጠበቅ ነው። የመጀመሪያውን በሚገባ ይዘነዋል፤ እናርሳለን፣ እንሠራለን፣ እንገነባለን። ሁለተኛውን ግን ብዙ ጊዜ እንዘነጋዋለን። በዚያች ገነት መካከል የማይነካ ዛፍ እንደ ነበረ እናስታውስ። ከብዙው ዛፍ መካከል አንዱ የተከለከለው ምግብ ስላነሰ አልነበረም፤ ሰው ሁሉ ነገር የእርሱ እንዳልሆነና ባለቤቱ ሌላ እንደሆነ ያውቅ ዘንድ ነው።

ይኸው ትምህርት በኦሪት ወደ ምድር ሕግ ተለውጧል። እስራኤል በየሰባተኛው ዓመት እርሻውን እንዲያሳርፍ ታዘዘ (ዘሌ. 25፥1-7)። በዚያ ዓመት ምድሪቱ በራሷ ያበቀለችውን ድኾች እንዲበሉ፣ ከድኾች የተረፈውንም የምድረ በዳ አራዊት እንዲበሉ ተደነገገ (ዘጸ. 23፥10-11)። ልብ እንበል፤ በአንዲት ሕግ ውስጥ ድኻውና አውሬው በአንድነት ተጠቅሰዋል። በእግዚአብሔር ሕግ የአንዱ ድርሻ የሌላውን አያጠፋም። ወፍ ከነጫጩቶቿ በጎጆዋ ያገኘ ሰውም እናቲቱን ይለቅ ዘንድ ታዝዟል (ዘዳ. 22፥6-7)፤ መጠቀም ተፈቀደ፣ ዘር ማጥፋት ግን ተከለከለ።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ጾምን እናውቃለንና። የሚጾም ሰው ምግብን አይጠላም፤ በፊቱ ያለውን ሳይነካ ያልፋል፤ በዚህም የፍላጎቱ ባሪያ እንዳልሆነ ይመሰክራል፤ ያተረፈውንም ለድኻ ይሰጣል። አንድ ሕዝብ ከምድሩ ከፍሎ «ይህ አይታረስም፣ አይቆረጥም፣ አይታደንበትም» ሲል ያ ምድር ጾም ገባ ማለት ነው።

የተከለሉ ሥፍራዎች በዓለምና በአገራችን

በዘመናዊው ዓለም የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ የሚጠራው እ.ኤ.አ. በ1872 በአሜሪካ የተከለለው የሎውስቶን ነው። በዚህ ዘመንም መንግሥታት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 በካናዳ በሞንትሪያል ከተማ ተሰብስበው እስከ 2030 ድረስ ከምድርና ከባሕር 30 በመቶ ያህሉ እንዲጠበቅ ተስማምተዋል። ይሁንና ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከመዲናችን በስተ ምዕራብ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን በ15ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ ከወፍ ዋሻ በመጣ የጥድ ዘር እንደ ተተከለ በትውፊት ይነገራል።

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቋመ፤ በ1978 ዩኔስኮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመዘገባቸው 12 የዓለም ቅርሶች አንዱ ሆነ። ዋልያ በዚያ ገደል ካልሆነ በቀር በዓለም ላይ በዱር የሚኖርበት ሌላ ሥፍራ የለም፤ ቁጥሩም በመቶዎች ብቻ የሚቆጠር ነው። እግዚአብሔር ኢዮብን የተራራ ፍየል የምትወልድበትን ጊዜ ታውቃለህን ብሎ እንደ ጠየቀው (ኢዮብ 39፥1) እናነባለን። ጥያቄው ኢዮብን ዝም አሰኘው፤ ሰው ቢያያትም ባያያትም እግዚአብሔር ወሯን ይቆጥርላታልና። እኛም ዋልያን የምንጠብቀው ለጎብኚ ስለሚያስገኘው ገንዘብ ብቻ አይደለም። አምስቱ ድንቢጦች በሁለት ሳንቲም ሲሸጡ ከእነርሱ አንዲቱን እንኳ ያልረሳው አምላክ (ሉቃ. 12፥6) ዋልያንም አልረሳም።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኙት የቀይ ቀበሮና የደጋ አጋዘን ዋና መኖሪያ ነው። በዓለም ያሉት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ከእነርሱም ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ ናቸው። ቀይ ቀበሮን በብዛት የጨረሰው የአዳኝ ጥይት ሳይሆን ከእረኞች ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ስለዚህ ጠባቂዎቹ ከሚሠሩት ሥራ አንዱ የእረኛውን ውሻ መከተብ ሆነ፤ በዚያም ክትባት ቀበሮው ብቻ ሳይሆን የእረኛው ልጅም ከዚያ አስፈሪ ሞት ይጠበቃል። ከነዚሁ ተራሮች የሚመነጩት ወንዞች እስከ ሶማሊያ ድረስ በቆላ የሚኖረውን ሕዝብና ከብቱን ያጠጣሉ። የአንዱ ደኅንነት ከሌላው ጋር እንዴት እንደ ተሳሰረ እነሆ።

የድኻው ጥያቄ

እዚህ ላይ ግን ልናልፈው የማይገባ ጥያቄ አለ። በተራራው ጫፍ ገብስ ዘርቶ፣ ጥቂት በጎች አርብቶ የሚኖረው ወንድማችን «ለዋልያው ይህን ያህል የሚታሰብለት፣ ለእኔስ ማን ያስባል?» ቢለን ምን እንመልስለታለን?

የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ ነበር። ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 ሲሆን፣ ለዚህ ከረዱት ነገሮች አንዱ በፓርኩ መካከል የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎች መነሣት ነው። ወደ 2,500 የሚጠጉ ሰዎች እስከ 2016 ድረስ ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። ገበሬ መሬቱን ሲለቅ አብሮት የሚቀረው ብዙ ነው፤ የአባቶቹ መቃብር፣ የጎረቤት እድር፣ የሚያውቀው ሥራ። እኛ በከተማ ሆነን በዋልያ ሥዕል ስንኮራ የኩራታችንን ዋጋ የከፈሉት እነዚያ ቤተሰቦች ናቸው። አባቶች «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት «ውዳሴ ለአንተ ይሁን» በተሰኘው ሐዋርያዊ መልእክታቸው የምድር ጩኸትና የድኾች ጩኸት በአንድነት ሊሰሙ እንደሚገባ አስተምረዋል። እንግዲህ ክርስቲያን ከሁለቱ አንዱን ብቻ መርጦ ሊሰማ አይችልም። አራዊቱን ጠብቆ ሰውን የሚረሳ ጥበቃ ፍትሕ የለውም፤ ሰውን እመግባለሁ ብሎ ምድሩን የሚያራቁትም ለዛሬ ብሎ የልጆቹን እንጀራ ይበላል።

ከመንዝ የምንማረው

ሁለቱን ጩኸቶች በአንድነት መስማት እንደሚቻል የሰሜን ሸዋ ሕዝብ አሳይቶናል። በመንዝ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የጓሳ ምድር በቄሮ ሥርዓት ተጠብቆ ኖሯል። ሕዝቡ በመረጠው አባ ቄራ መሪነት ምድሩ ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋል፤ ማንም አያጭድበትም፣ ከብት አያሰማራበትም። ጥበቃውም በባለ ርስቶቹ ተራ የሚከናወን ነበር። የጓሳው ሣር በደረሰ ጊዜ ምድሩ ይከፈታል፤ ሁሉም በደንቡ መሠረት ለቤቱ ክዳንና ለገመዱ ያጭዳል። በዚያው ሣር ውስጥ ጭላዳና ቀይ ቀበሮም ኖረዋል። ሥርዓቱ እ.ኤ.አ. በ1975 ከመሬት አዋጁ በኋላ ፈርሶ ምድሩ ለሽሚያ ተጋልጦ ነበር፤ ሕዝቡ ግን በኋላ በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን መልሶ አቋቁሟል።

ይህ ጥበብ የጸናው ለምንድን ነው? የጾሙትና የፈሰኩት ሰዎች አንድ ስለሆኑ ነው። ደንቡን ያወጣው፣ ተራውን የጠበቀው፣ በመጨረሻም ያጨደው ያው ሕዝብ ነው።

ሰላምና ፍጥረት

የተከለለ ምድር በሰላም ላይ የቆመ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. ለጥር 1 ቀን 1990 የዓለም የሰላም ቀን ባስተላለፉት መልእክት ከፈጣሪ ጋር ያለንን ሰላምና ከፍጥረት ጋር ያለንን ሰላም አያይዘው ያስተማሩት ስለዚህ ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2020 የተነሣው የሰሜኑ ጦርነትና ከ2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የተከተለው ግጭት የሰውን ሕይወት ከሁሉ አስቀድሞ ቀጥፈዋል፤ የዱር ጠባቂውንም ሥራ አዳክመዋል። ኦሪት ከተማ የከበበ ሠራዊት እንኳ የሚያፈራውን ዛፍ እንዳይቆርጥ ከልክላለች (ዘዳ. 20፥19)። ስለ ሰላም የምናቀርበው ጸሎት እንግዲህ ስለ ወንድሞቻችንም፣ ድምፅ ስለሌላቸው ፍጥረታትም ጸሎት ነው።

እኛስ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ ቤታችን የሚያነድደውን እንወቅ። ኤሌክትሪክ ባለበት ከሰሉን እንቀንስ፤ አቅም ያለን ይህን ብናደርግ ሌላ አማራጭ ለሌላት እናት የሚተርፍ ይሆናል። ሁለተኛ፣ የዝሆን ጥርስ ጌጥም ሆነ የነብር ቆዳ አንግዛ፤ ገዢ ከሌለ ገዳይ አይኖርም። ሦስተኛ፣ በየማኅበራችን ከምናዋጣው ላይ ጥቂቱን ለደጋው ገበሬ ልጆች ትምህርት እናውል፤ የእርሱን ጾም የምንጋራበት አንዱ መንገድ ይህ ነውና።

ካቴኪስቶች ሆይ፤ ሕፃናቱን በአራት ኪሎ በዩኒቨርሲቲው የሳይንስ ግቢ ወዳለው የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ውሰዷቸው፤ ስለ ሥነ ፍጥረት ያስተማራችኋቸውን በዓይናቸው ይዩ። ስለ ስድስት ኪሎው የአንበሳ ግቢም ንገሯቸው። በዚያ የነበሩት ጥቁር ጎፈር አንበሶች በዘራቸው ከሌሎች አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት አመልክቷል። ነገር ግን አንበሳን በብረት አጥር ውስጥ መመገብ እርሱን መጠበቅ ፍጻሜ አይደለም፤ እግዚአብሔር አንበሳን ሲፈጥር ዱሩንም ፈጥሮለታልና። ቤተ ክርስቲያን ስለ ፍጥረት የምትጸልይበት ወቅት ከነሐሴ 26 ቀን ጀምሮ የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚ በዓል እስከሚውልበት እስከ መስከረም 24 ቀን ድረስ ነው። ይህም ለእኛ አደይ አበባ የሚፈነዳበት የዘመን መለወጫ ወራት ስለሆነ ትምህርቱን ለመስጠት እጅግ የተመቸ ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ፍጥረት ሁሉ የእግዚአብሔርን ልጆች መገለጥ በናፍቆት እንደሚጠባበቅ ያስተምረናል (ሮሜ 8፥19-22)። የሚጠባበቀን እኛን ነው። ያበጀነውን ያህል እንድንጠብቅ፣ የጠበቅነውንም ከድኻው ጋር እንድንካፈል፣ የሁሉ ፈጣሪ እግዚአብሔር አብ ጸጋውን ያብዛልን፤ እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም በአማላጅነቷ ትርዳን። አሜን።