በሽተኛን ስለ መጠየቅና ነፍስን ስለ መጠበቅ

በአላህ ስም እንጀምራለን። ምስጋና ለበሽታ መድኃኒትን፣ ለጭንቅ መውጫን ላዘጋጀ ጌታ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። ከዚህ በኋላ፤

አንባቢ ሆይ! በሽተኛን መጎብኘት ሙስሊም በሙስሊም ላይ ካለው ሐቅ አንዱ መሆኑን ታውቃለህ። በቋንቋችንም ይህ ሥራ «መጠየቅ» ይባላል። ነገር ግን ሥራችንን ብንመረምር ስሙንና ግብሩን ተለያይተው እናገኛቸዋለን። ጠያቂው ይገባል፤ «አላህ አፊያ ያድርግህ» ይላል፤ ቡና ይጠጣል፤ ስለ ገበያና ስለ ዝናብ ይጫወታል፤ ከዚያም ይወጣል። በበሽተኛው ራስጌ ሁሉ ነገር ሲወራ እርሱ ራሱ ምንም ሳይጠየቅ ይቀራል። በካንሰር የተያዘ ሰው ዘንድ ደግሞ ሳይጠየቅ የሚቀረው ነገር ነፍስን የሚያህል ሊሆን ይችላል።

የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው በ2021 እ.ኤ.አ. ብቻ በመላው ዓለም ከ700,000 የሚበልጡ ሰዎች በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አጥፍተዋል። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶችም በካንሰር ሕሙማን ላይ ይህ አደጋ ከሌላው ሰው ይልቅ ከፍ ብሎ እንደሚገኝ፣ ይልቁንም የበሽታው ስም ከተነገረ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንቶችና ወሮች እንደሚበረታ አመልክተዋል። ከሕሙማኑ እጅግ የሚበዙት ወደዚህ አይደርሱም፤ ስለዚህ በሽተኛውን ሁሉ በጥርጣሬ ዓይን ማየት አይገባም። የሚገባው ማወቅና መጠየቅ ነው።

ምክንያቱንም ከራሳችን አገር እንመልከት። ለብዙ ዓመታት በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና የሚገኘው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። የጀውሃ ሰው ሸዋ ሮቢትንና ደብረ ሲናን አልፎ፣ የጣርማ በርን ዳገት ወጥቶ፣ በደብረ ብርሃን በኩል ወደዚያ ይሄዳል። የመኪናው ዋጋ፣ የአልጋው ኪራይ፣ የአስታማሚው ስንቅ ሲደማመር ከብቱ ይሸጣል፤ የሱቁም መነሻ ይሟጠጣል። በዚህን ጊዜ በሽተኛው በልቡ «የልጆቼን እንጀራ የምጨርሰው እኔ ነኝ፤ ባልኖር ይሻላቸው ነበር» ይላል። ራስን እንደ ሸክም መቁጠር ከአደገኛ አሳቦች አንዱ ነው፤ ዝም ባለ ቤት ውስጥም ያድጋል። ቤተ ሰብ የበሽታውን ስም ከባለቤቱ ሲሰውር ደግሞ በሽተኛው የሚያወያየው ሰው ያጣል።

ሸሪዓችን ነፍስን መግደል ሐራም አድርጓል። በሱረቱ ኒሳእ በ29ኛው አንቀጽ አላህ ራሳችንን ከመግደል ከከለከለን በኋላ፣ በዚያው አንቀጽ ለእኛ አዛኝ መሆኑን ይነግረናል። እንግዲህ ክልከላው ከእዝነት የመጣ ነው፤ ክልከላውን ይዞ ወደ በሽተኛ የሚገባ ሰው እዝነቱን በደጅ ትቶ ሊገባ አይችልም።

መርየምን አስታውሱ። በሱረቱ መርየም እንደተነገረው ምጥ በያዛት ጊዜ ከዚህ በፊት ሞታ በነበረ ተመኘች። አላህም አልገሠጻትም፤ እንዳታዝን ተነገራት፤ ከበታችዋ ውሃ፣ ከዘንባባውም የበሰለ ተምር ተሰጣት። ከዚህ የምንማረው፣ ሞትን የሚመኝ ሰው ቃል የጭንቅ ጩኸት መሆኑንና መልሱም መጽናናትና እርዳታ መሆኑን ነው። «ካፊር ልትሆን ነውን?» ብሎ የሚቆጣ ሰው የበሽተኛውን አፍ ይዘጋል እንጂ አሳቡን አያስወግድም።

አንዳንዱ «ብጠይቀው አሳቡን አስተምረዋለሁ» ብሎ ይፈራል። ሐኪሞች ግን ስለዚህ ነገር በርኅራኄ መጠየቅ አሳቡን እንደማይፈጥር፣ ይልቁንም የተጨነቀውን ሰው እንደሚያሳርፍ አረጋግጠዋል። ስለዚህ ሰው በሌለበት፣ ተቀምጠህ፣ ሳትቸኩል በቅደም ተከተል ጠይቅ።

1ኛ፤ ሕመሙ እንቅልፍ ይከለክልሃልን? 2ኛ፤ ተስፋ ቆርጠሃልን? ለቤተ ሰብህ ሸክም የሆንህ ይመስልሃልን? 3ኛ፤ ብሞት ይሻላል የሚል አሳብ ይመጣብሃልን? 4ኛ፤ ራስህን ለመጉዳት አስበሃልን? ቁርጥ አድርገህ ያሰናዳኸው ነገር አለን? ከዚህ በፊትስ ሞክረህ ታውቃለህን?

ለ3ኛው ብቻ «አዎን» ያለ ሰው በቶሎ ወደ ሐኪም ሊቀርብና ዘወትር ሊጎበኝ ይገባዋል። ለ4ኛው «አዎን» ያለ ግን ለአንድ ሰዓትም ብቻውን አይተው፤ በቤት ያለው የእርሻ መድኃኒት፣ የተከማቸ ክኒንና መሣሪያ ከአጠገቡ ይራቅ፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገራችን የጤና ጣቢያ ሠራተኞች የአእምሮ ሕመምን እንዲያክሙ ማሠልጠን ተጀምሯል፤ ለከበደውም በአዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። «ለማንም አትንገር» ቢልህ፣ ምስጢር አማና መሆኑ እውነት ነው፤ ነፍስ ግን ከምስጢር ትበልጣለች።

ለነጋዴዎች ልዩ ማስታወሻ አለን። በሽተኛ ዕዳውን ቢከፍል፣ ኑዛዜውንም ቢጽፍ ሱናን ፈጽሟል እንጂ የሚያስጠረጥር ነገር አላደረገም። ይህን በግልጽ፣ በምስክር ፊት፣ መድኃኒቱን እየወሰደ የሚያደርግ ሰው ቤቱን እያሰናዳ ነው። ነገር ግን በስውር ንብረቱን የሚያድል፣ እንደ መሰናበት የሚናገር፣ ከሰው የሚሸሽ፣ መድኃኒትና ምግብ የተወ፣ ወይም ከብዙ ጭንቀት በኋላ በድንገት ጸጥ ያለ እንደ ሆነ ሳትዘገዩ ጠይቁት።

ሕመምንም ማስታገስ ነፍስን መጠበቅ መሆኑን ዕወቁ። ሐኪም ያዘዘውን ሞርፊን ለብርቱ ሕመም መውሰድ ከመስከር የሚቆጠር አይደለም። ደግሞም ብዙ እኅቶች በማኅፀን በር ካንሰር ደም ሲፈስሳቸው «ከሰላት ተባረርሁ» ብለው ያዝናሉ። ይህ ስሕተት ነው። ከወር አበባ ውጭ በበሽታ የሚፈስ ደም ሰላትን አይከለክልም፤ ታጥባና ተጠንቅቃ፣ ለሰላቱ ዉዱእ አድርጋ ትሰግዳለች። መቆም ያልቻለ ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያልቻለ በጎኑ ተኝቶ ይሰግዳል። የአላህ ደጅ ለበሽተኛ አልተዘጋም፤ ይህን ንገሩት።

ገንዘብ ያለህ ሆይ! ድኻና ባለዕዳ ዘካ ከሚገባቸው ወገኖች መሆናቸውን በሱረቱ ተውባ በ60ኛው አንቀጽ ታገኛለህ። በሽታ ያደኸየውን ጎረቤትህን ወደ ሕክምና የሚያደርሰውን ዋጋ ሳይለምንህ ስጠው። የልጆቹን ቀለብ የቻልህለት ቀን፣ «ሸክም ነኝ» የሚለውን አሳብ ከሥሩ ነቅለህለታል።

በዚህ መንገድ ሰው የሞተበት ቤት ቢኖር ደግሞ ምላሳችሁን ጠብቁ። በሙስሊም ሐዲስ እንደተላለፈው፣ ከጡፈይል ኢብን ዐምር ጋር ወደ መዲና የተሰደደ አንድ ሰው በሕመም ትዕግሥት አጥቶ ራሱን ጎድቶ ሞተ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ነገሩን በሰሙ ጊዜ እጆቹን ጭምር እንዲምርለት አላህን ለመኑለት። ክልከላው ሕያዋንን ይይዝ ዘንድ ጸንቶ ይኖራል፤ ለሞተው ግን ዱዓ፣ ለቤተ ሰቡም መጽናናት ይገባል።

እንግዲህ ዛሬ ከዐስር ሰላት በኋላ የምታውቀውን በሽተኛ ለመጠየቅ ተነሥ፤ እውነትም ጠይቀው፤ መልሱንም እስኪጨርስ ስማው። አላህ ሕሙማኖቻችንን ያሽርልን፤ የተጨነቁትን ያሳርፍልን፤ አስታማሚዎችን ያበርታልን፤ እኛንም ጠይቀው ከሚሰሙት፣ ሰምተውም ከሚረዱት ያድርገን። አሚን።