ትልቁን ካነሳን በኋላ የሚቀረው

እናታችን የታመመች ሰሞን አራት ልጆቿ ተሰብስበን ተመካከርን። ሦስታችን እህታችን ሳሎን ውስጥ፣ ታላቅ ወንድማችን ከዋሽንግተን በስልክ። ምክክሩ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። የሕክምናውን ወጪ ጋሼ ያዘ። እህታችን እናቴን ቤቷ ወሰደቻት። ታናሻችን መኪና ስላለው በቀጠሮዋ ቀን ማመላለሱን ተረከበ። እኔ ደግሞ በየወሩ መድኃኒት መግዛቱን። «በቃ፣ ዋና ዋናው ከተያዘ ትንሽ ትንሹ እግረ መንገዱን ይደርሳል» አለ አንዳችን። ማን እንደሆነ አላስታውስም፤ ምናልባት እኔው ነኝ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ እናቴ ተመልሳ ሐኪም ቤት ገባች። እህቴ አልጋዋን ስታነጥፍ የማታ ኪኒኖቿን ትራሷ ሥር አገኘቻቸው፣ ከነማሸጊያቸው። መድኃኒቱ በጊዜው ተገዝቷል። ገንዘቡ በጊዜው ተልኳል። መኪናው አንድም ቀጠሮ አላጓደለም። እህቴ ከሥራ አምሽታ፣ ደክሟት ነው የምትገባው፤ እናቴ «ውጬዋለሁ» ካለቻት ታምናታለች። ማታ ውኃ ይዞ አጠገቧ ቁጭ ብሎ እስክትውጥ የሚጠብቅ ሰው ግን በድልድላችን ውስጥ አልነበረም። አራታችንም ድርሻችንን ተወጥተናል። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?

ሒሳብ አስተማሪ ነኝና ነገሩን ደጋግሜ ያሰብኩት በማውቀው መንገድ ነው። «ትልቁን አስቀድም፣ ትንሹ ይደርሳል» የሚለው ምክር መቼ ነው እውነት የሚሆነው? ፍጹም እውነት የሚሆንበት አንድ ቦታ አውቃለሁ፤ እስቲ ከዚያ ልጀምር።

1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8፣ 13፣ 21፣ 34፣ 55፣ 89፣ 144 እያለ የሚሄድ የቁጥር ሰንሰለት አለ። ከሦስተኛው ጀምሮ እያንዳንዱ ቁጥር ከእሱ በፊት ያሉት የሁለቱ ድምር ነው። የሚጠራው በፊቦናቺ ስም ነው፤ የፒዛው ሊዮናርዶ ማለት ነው፣ በ1202 በጻፈው መጽሐፍ የጥንቸሎችን መራባት በዚህ ያሰላ ሰው። የህንድ ሊቃውንት ግን ረጅምና አጭር ቀለም በስንኝ ውስጥ በስንት ዓይነት መንገድ ሊደረደር እንደሚችል ሲቆጥሩ ከእሱ ቀድመው ደርሰውበታል።

አሁን የፈለጋችሁትን ቁጥር ጥሩ። 100 እንበል። ከሰንሰለቱ ውስጥ ከ100 የማይበልጠውን ትልቁን አንሱ፤ 89 ነው። 11 ቀረ። ከ11 የማይበልጠው ትልቁ 8 ነው። 3 ቀረ። 3 ራሱ ሰንሰለቱ ውስጥ አለ። ስለዚህ 100 ማለት 89 እና 8 እና 3 ነው። 50ን ብትሞክሩ 34፣ 13 እና 3 ይወጣላችኋል። ሁልጊዜ ትልቁን የሚያስቀድመውን እንዲህ ያለ አሠራር የኮምፒውተር ሰዎች «ስግብግብ» ስልት ይሉታል። ስድብ አይደለም፣ የሙያ ቃል ነው። በዚህ ሰንሰለት ላይ ስግብግቡ መንገድ ላይ አይቀርም። የትኛውንም ሙሉ ቁጥር ብትሰጡት ያደርሰዋል።

ለምን? ምክንያቱ የሚቀረው ነገር ላይ ነው። ከ100 ላይ 89ን ስናነሳ ቀጣዩ 144 እንደሚበልጥብን አውቀናል። 144 ደግሞ 89 እና 55 ነው። ስለዚህ የሚቀረው የግድ ከ55 ያንሳል። በየደረጃው እንዲሁ ነው፤ ትልቁ ሲነሳ የሚቀረው ከጎረቤቱ እንኳን ያነሰ ይሆናል። በዚህም የተነሳ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቁጥሮች አብረው አይነሱም። እየቀነሰ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ በመጨረሻም ቦታውን ያገኛል።

እንዲያውም ጎረቤታሞችን አብሮ ማንሳት ክልክል ነው ካልን ሌላ መንገድ የለም። 89ን የዘለለ ሰው ከታች ያሉትን በደንቡ ቢሰበስብ ከፍተኛው 55፣ 21፣ 8፣ 3 እና 1 ነው፤ ድምሩ 88። 100 ይቅርና 89 እንኳ አይደርስም። ስለዚህ እያንዳንዱ ቁጥር በዚህ ደንብ አንድና አንድ ብቻ አጻጻፍ አለው።

ይህ ነገር በስሙ የሚጠራለት ኤዱዋር ዜከንዶርፍ (1901–1983) የዩኒቨርሲቲ የሒሳብ መምህር አልነበረም። የሊዬዥ ተወላጅ፣ የቤልጅየም ጦር ሐኪም ነበር። በ1940 ጀርመኖች ማርከውት እስከ 1945 በምርኮ ሲቆይ አብረውት የታሰሩትን ያክም ነበር። ማረጋገጫውን በ1972 አሳተመ፤ ሌከርከርከር የተባለ ሆላንዳዊ ግን በ1952 ጽፎት ነበር። እኔን የሚገርመኝ የሰውየው ሕይወት ነው። በአንድ በኩል የሚቀረው ሁልጊዜ ቦታ የሚያገኝበት የቁጥር ዓለም፣ በሌላ በኩል እንዲህ ያለ ዋስትና የሌለው የምርኮኞች አልጋ።

ዋስትናው በቁጥር ዓለም ውስጥ እንኳ የትም ቦታ አይገኝም። በእጥፍ የሚያድገውን 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 ብንወስድ እያንዳንዱን አንዴ ብቻ እያነሳን ሁሉንም ቁጥር እናገኛለን። አንዱን እየገመሱ ሌላውን እያጠፉ የማባዛት ዘዴ፣ ውጭ አገር አንዳንዶች «የኢትዮጵያ ማባዣ» የሚሉት፣ የቆመው በዚህ ላይ ነው። በሦስት እጥፍ የሚያድገው 1፣ 3፣ 9፣ 27 ግን አይሆንም። 5ን ለማግኘት 3 ታነሳላችሁ፣ 1 ታነሳላችሁ፣ ከዚያ አንዲት 1 ትቀራለች። መግቢያ የላትም። ትልልቆቹ ተራርቀው ሲቆሙ በመሀከል የሚወድቅ ነገር አለ ማለት ነው።

ከዚህ የባሰው ደግሞ መንገድ እያለ በስግብግብነት የሚዘጋው ነው። ኪሳችሁ ውስጥ አንድ ስሙኒና ሦስት አስር ሳንቲም አለ እንበል። 30 ሳንቲም መክፈል አለባችሁ። ትልቁን ያስቀደመ ስሙኒውን ያነሳል፤ 5 ሳንቲም ቀረ፤ አምስት ሳንቲም የለውም። ሦስቱን አስሮች ቢያነሳ ኖሮ ጨርሶ ነበር። ሰውየው ሊከፍል ፈልጓል፣ ገንዘቡም ነበረው። ያልጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይህን ባነሳ የሚቀረው የት ይገባል?

«እንግዲያው ከትንሹ እንጀምራ» የሚል ይኖራል። እኔም መጀመሪያ ያልኩት ይህን ነው። ከኪኒኑ በኋላ ተናድጄ፣ ትልልቁን ነገር ሁሉ እንደ ጉራ ማየት ጀምሬ ነበር። ግን እስቲ 100ን ከታች ጀምረን እንሥራው። 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8፣ 13፣ 21፣ 34 እያልን ብንደምር 87 ደረስን። ቀጣዩ 55 ይበልጥብናል። የቀረን 13 ነው፣ እሱን ደግሞ ተጠቅመንበታል። ተጣበቅን። ትንሹን ብቻ ያየ ሰውም አይደርስም። እናቴ አጠገብ ሌት ተቀን የሚቀመጥ ልጅ ኖሮ የሐኪም ገንዘብ ባይኖር ያው ነበር።

ስለዚህ ጥያቄው ትልቅ ይቅደም ትንሽ አይመስለኝም። ተማሪዎቼ ፊት 89ን ከ100 ላይ ሳነሳ ያላስተዋልኩት አንድ ነገር ነበር። 89ን ያነሳው እጅ ሰሌዳውን ትቶ አይሄድም። 8ን የሚያነሳውም ያው እጅ ነው። ቀጥሎ 3ን የሚያነሳውም እሱ ነው። ምንም እስካይቀር ድረስ እዚያው ይቆማል። ስሙ ስግብግብ ይባል እንጂ የስግብግብ ጠባይ የለውም። እውነተኛው ስግብግብ 89ን አንሥቶ፣ «የእኔን ተወጥቻለሁ» ብሎ የሚወጣው ነው። እኛ አራታችን ያደረግነው ይህን ነው። ድርሻችንን ቆጠርን፣ ቀሪውን ግን አንዳችንም አልቆጠርንም። ድርሻን መወጣትና ኃላፊነትን መወጣት አንድ የሚሆኑት ድርሻዎቹ ተደምረው ሙሉ ሲሆኑ ብቻ ነው። ሙሉ መሆናቸውን ማየት ደግሞ የአንዱ ሳይሆን የሁሉም ሥራ ነው።

«ሰው ቁጥር አይደለም» ብትሉኝ እስማማለሁ። ልዩነቱም ቀላል አይደለም። 100 ነገም 100 ነው። የታመመ ሰው ፍላጎት ግን ዛሬ ሌላ፣ ነገ ሌላ ነው። ይህ ግን ሸክማችንን ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም። ለፊቦናቺ ቁጥሮች አንዴ ተረጋግጧል፣ በቃ፣ ዳግመኛ መፈተሽ አያስፈልግም። ለእናት ግን በየማታው እንደገና መቆጠር አለበት።

ከሐኪም ቤት ስትወጣ እንደገና ተሰበሰብን። አሁን ሁለት ሰዓት ፈጀብን። አንድ ሰው አንድ ነገር በያዘ ቁጥር «አሁን የቀረው ምንድን ነው?» ተባባልን። አሰልቺ ነበር፤ ያልተጠበቀ ጠብም ነበረበት። ጋሼ ገንዘቡን እንደያዘ ሆኖ ማታ አስራ ሁለት ሰዓት መደወሉን ጨመረ፤ እሱ ጋ ገና ከቀትር በፊት ነው። ታናሻችን በዚያ ሰዓት አጠገቧ ይገኛል፣ ካልቻለ እኔ። ስልኩ የሚዘጋው ከዋጠች በኋላ ነው። እናቴ ታማርራለች፤ «ልጅ ወለድኩ ስል ዘበኛ ነው ለካ የወለድኩት» ትላለች።

ትናንት ተራዬ ነበር። ኪኒኗን ከዋጠች በኋላ እጇን ስይዝ ጥፍሯ ማደጉን አየሁ። በሁለተኛውም ድልድል ውስጥ አልነበረም። መቁረጫ ፈልጌ አጠገቧ ቁጭ አልኩ።