የሰውን ልጅ ልጄ ስለ ማለት

ሰው ወላጅ ለመሆን የሚበቃባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛውን ተፈጥሮ ትመራዋለች፤ ሁለተኛውን የሰው ፈቃድ ይመራዋል። በመጀመሪያው መንገድ የሚሄዱ ባልና ሚስት ቢያስቡበትም ባያስቡበትም ዘጠኝ ወር ይሰጣቸዋል፤ በዚያም ጊዜ ቤታቸውም ልባቸውም ለሚመጣው እንግዳ ቀስ በቀስ ቦታ ይለቃል። ሌላ ሰው የወለደውን ሕፃን ልጃችን ለማለት የቆረጡት ግን እንዲህ ያለ የተፈጥሮ ቀጠሮ የላቸውም። ዘጠኙን ወር በገዛ አሳባቸው መፍጠር አለባቸው። እንግዲህ ዛሬ ልንመረምረው የፈለግነው ጥያቄ፣ የሰውን ልጅ ልጄ ለማለት የተነሣ ሰው አስቀድሞ ሊያሰናዳ የሚገባው ምንድን ነው? የሚለው ነው።

ብዙ ሰው ለዚህ የሚሰጠው መልስ አልጋ፣ ልብስ፣ ወተትና የትምህርት ቤት ወጪ ነው። ይህን የሚንቅ አይኖርም። ሌሎች ደግሞ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለውን አባባል ጠቅሰው፣ ዝግጅት የሚባለው ነገር ራሱ ከንቱ ድካም ነው ይላሉ። አባባሉ የወለደውን ልጅ በምን አሳድገዋለሁ ብሎ ለሚጨነቅ ድኻ ሲነገር መጽናኛ ነው። እናት አባት ላጣ ሕፃን ሲነገር ግን ትርጉሙ ይለወጣል፤ ይህን ልጅ አንድ ጊዜ ዕድሉ ጥሎታልና። ዕድሉ የጣለውን ሕፃን መልሶ ለዕድሉ መስጠት ማሳደግ ሊባል አይችልም።

ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ የሄደ ሰው የኢተያን የስንዴ ማሳ ሳያይ አያልፍም። በዚያ አገር መሬቱ በበሬም ይታረስ በትራክተር፣ ሳይሰናዳ ዘር የሚቀበል ማሳ የለም። ለስንዴ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሕዝብ ለልጅም የቆየ ሥርዐት ስላለው፣ የጥያቄያችንን መልስ ከዚያው ከአርሲና በጠቅላላው ከኦሮሞ ልማድ ብንጀምር ይሻላል። ዛሬ በአማርኛም በሕጋችንም የገባው «ጉዲፈቻ» የሚለው ቃል የተገኘው ከኦሮምኛ ነው። «ጉዲሱ» ማሳደግ ማለት ሲሆን «ጉዲፈቹ» ደግሞ ለራስ ማሳደግ ማለት ነው። የነገሩም ቁም ነገር «ለራስ» በምትለው ትንሽ ቃል ውስጥ ያለ ይመስለናል፤ ሁለት ትርጉም ልትይዝ ትችላለችና። ለራስ ማሳደግ ማለት ለራስ ጥቅም ማሳደግ ነውን? ወይስ ልጁን የራስ አድርጎ ማሳደግ ነው?

ልማዱ የመረጠው ሁለተኛውን ነው። ጉዲፈቻ በሽማግሌዎችና በዘመድ ፊት የሚፈጸም እንጂ በጓዳ የሚደበቅ ጉዳይ አልነበረም፤ ልጁም ከተወለዱት ልጆች ጋር እኩል ስምና ርስት የሚያገኝ ነበር። ሕዝብ የመሰከረበትን ቃል ማጠፍ ነውር ስለሆነም፣ አሳዳጊው ልጁን ከመቀበሉ በፊት ራሱን ደጋግሞ እንዲመረምር ይገደድ ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ዝግጅት፣ ልጁን የምፈልገው ለምንድን ነው? ብሎ ራስን መጠየቅ ነው። አንዱ ልጅ በማጣቱ ያዘነ ነው፤ ሌላው ጧሪ ቀባሪ የሚሻ ነው፤ ሌላው ደግሞ አዝኖ ነው። እነዚህ ሁሉ ሰብአዊ ምክንያቶች ናቸውና የሚያስነውሩ አይደሉም። ነገር ግን «ላሳድገው» ተብሎ ከገጠር መጥቶ፣ የቤቱ ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ እሱ ውኃ የሚቀዳና የሚላላክ ልጅ ስንት ነው? በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጉዲፈቻን ውል እንደ ዋዛ እንዲፈርስ አይፈቅድም። ፍርድ ቤት ሊያፈርሰው ከሚችልባቸው ምክንያቶች አንዱ ግን አሳዳጊው ልጁን እንደ ባሪያ ያኖረው እንደሆነ ነው። ሕግ ይህን ቃል መጻፉ አደጋው እውነተኛ መሆኑን ያመለክታል። አሳዳጊ ለመሆን ያሰበ ሁሉ «ይህ ልጅ ባይጠቅመኝም፣ ባይመስለኝም፣ ባያመሰግነኝም ልጄ ሆኖ ይቆያልን?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። መልሱ የሚያመነታ ከሆነ ጊዜው ገና ነው።

ሁለተኛው ዝግጅት የቤተ ሰብ ስምምነት ነው። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1972 ዓ.ም. ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሄደው፣ በወሎ ረኃብ ከተጎዱት መካከል ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። የልጆቹ ቁጥር እየበዛ በሄደ ጊዜ ባለቤታቸው አልተስማሙም፤ እሳቸውም ትዳራቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር መኖርን መረጡ። የብዙ ሺህ ልጆች እናት ለመባል በቅተው በ2013 ዓ.ም. ዐረፉ። እንዲህ ያለው ጽናት ለጥቂቶች የተሰጠ ነው፤ ለአብዛኞቻችን ግን የተከፈለ ቤት ሕፃንን አያሳድግም። ሕጉም ይህን አውቆ፣ ባለ ትዳሮች የጉዲፈቻ ልጅ የሚያደርጉት ባልና ሚስት በአንድነት ሆነው እንዲሆን ደንግጓል። ቀደም ብለው የተወለዱ ልጆች ካሉም አሳባቸው ሊሰማ ይገባል፤ ወንድም ወይም እኅት ሁን ተብሎ መታዘዝ ከባድ ነውና።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ዝግጅት እውነትን ለመናገር መቁረጥ ነው። በከተማ ያሉ ብዙ አሳዳጊዎች ልጁ ከማን እንደተወለደ ይሰውራሉ። ሠፈር ይለውጣሉ፤ ዘመድ ዝም እንዲል ያስምላሉ። ይህን የሚያደርጉት በክፋት አይደለም፤ እውነቱን ያወቀ እንደሆነ ፍቅሩ ይቀንሳል፣ ትቶን ይሄዳል ብለው ስለሚፈሩ ነው። ፍርሃታቸውን አንንቀውም። ነገር ግን ምስጢሩ ለዘላለም ተደብቆ አይኖርም። አሳዳጊው ሞቶ ለቅሶ በተቀመጡበት ወይም ርስት በሚካፈሉበት ቀን፣ ከወራሾቹ አንዱ ተቆጥቶ «አንተ ማን ነህ?» ይለዋል። ያን ጊዜ ልጁ አባቱን ሁለት ጊዜ ያጣል፤ አንዴ በሞት፣ ሁለተኛ በሐሰት። ፍቅሩ እውነት የነበረው አባት ቃሉ ሐሰት በመሆኑ ብቻ ፍቅሩም ይጠረጠርበታል።

የሃይማኖት ትምህርትም ወደዚሁ ያመለክታል። ሙሴ በፈርዖን ልጅ ቤት አደገ፤ ያጠባችው ግን የገዛ እናቱ ነበረች፤ ወገኖቹንም አልሳተም። ቅዱስ ቁርዓንም በሱረቱል አሕዛብ ያደጉ ልጆች በወላጅ አባታቸው ስም እንዲጠሩ ያዝዛል። የ1992ቱ ሕግ በበኩሉ የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተ ሰብ ጋር ያለው ዝምድና እንዳልተቋረጠ ይደነግጋል፤ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ የሆነ እንደሆነ ግን ያሳደገው ቤተ ሰብ ይቀድማል። ስለዚህ አሳዳጊ ሥጋት ሊገባው አይገባም። ልጁ ገና በሕፃንነቱ ነገሩን እንደ ተረት እየሰማ ቢያድግ፣ መቼ እንዳወቀው እንኳ አያስታውሰውም፤ አይደነግጥበትምም።

እውነት ሲጎድል የሚደርሰውን አገራችን በሰፊው አይታዋለች። በ2002 ዓ.ም. ገደማ በአንድ ዓመት ወደ አሜሪካ ብቻ ከ2,000 የሚበልጡ ሕፃናት በጉዲፈቻ ሄደዋል። ብዙዎቹ መልካም ቤት አግኝተዋል። ነገር ግን ልጃቸው ተምሮ የሚመለስ መስሏቸው የፈረሙ ወላጆች ነበሩ፤ የልጆቹ ታሪክ በወረቀት ላይ ተለውጦ የተጻፈበትም ጊዜ ነበር። በ2003 ዓ.ም. በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ከኢትዮጵያ የሄደች አንዲት ልጅ ከቤት ውጭ በብርድ ተቀጥታ ሞተች፤ አሳዳጊዎቿም በፍርድ ቤት ጥፋተኞች ተባሉ። ማኅተሙና ፊርማው ተሟልቶ ልብ ያልተሰናዳ እንደሆነ ወረቀት ሕፃንን አያድንም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2010 ዓ.ም. ሕጉን አሻሽሎ የውጭ አገር ጉዲፈቻን አስቀረ። እንግዲህ ኀላፊነቱ ወደ እኛ ወደ ራሳችን ተመልሷል። ሌላውን ከልክለን እኛ ያልተቀበልን እንደሆነ፣ ክልከላው ብቻውን ለሕፃኑ ቤት አይሆነውም።

ስለዚህ መዝገብ የሚመረምር ሹም የአመልካቹን ደመወዝ ብቻ ሳይሆን አሳቡንም ይመርምር፤ ልጁ ነፍስ ያወቀ ከሆነም ቃሉን በትዕግሥት ይስማው። መምህርም «እናትህን ትመስላለህን?» የምትለው ጥያቄ ለአንዳንዱ ልጅ ቀላል እንዳልሆነች ያስብ። ጎረቤትም «የማን ልጅ ነው?» ብሎ ከመንሾካሾክ ይከልከል። የሰውን ልጅ ልጄ ማለት ፍቅርን ብቻ አይደለም የሚጠይቀው፤ የፍቅርን እውነተኛ ታሪክ ሳያፍሩ መናገርንም ይጠይቃል። ይህን ለመናገር የተሰናዳ ሰው፣ አልጋው ገና ባይነጠፍም፣ ቤቱ ለልጅ ተሰናድቷል ልንል እንችላለን።