ስለ «ሶሪ» ቃልና ስለ እውነተኛ ንስሐ

አንባቢ ሆይ፤ በዛሬ ዘመን በከተማችን «ሶሪ» የማይል ሰው ጥቂት ነው። እንግሊዝኛ የተማረውም ያልተማረውም፥ በመንገድ ሰው ሲገፋ፥ በቀጠሮው ሲዘገይ፥ የተበደረውን ሳይመልስ ሲቀር ይህን ቃል ይናገራል። ቃሉ አጭር ነው፤ ለአፍም ይቀላል። ቃልን ከሌላ ሕዝብ መዋስ ኃጢአት አይደለም፤ ቋንቋችን ከዐረብም ከኢጣልያም ብዙ ተውሷል። ነገር ግን የተዋስነው ቃል ምን ምን ትርጓሜ እንዳለው፥ ስለ እርሱም ብለን የትኛውን ቃል እንደ ተውን መመርመር ይገባናል። አፍ የለመደውን ልብ ይከተለዋልና።

«ሶሪ» የሚለው ቃል በጥንቱ እንግሊዝኛ «ሳሪግ» ይባል ነበር። የወጣውም ቍስልንና ሕመምን ከሚያመለክት ቃል ነው። እንግዲህ በመጀመሪያ ይህን የሚናገር ሰው «ልቤ ታሟል» ማለቱ ነበር። ዛሬ ግን በዚህ በአንዱ ቃል ብዙ ነገር ይነገርበታል። እንግሊዛዊ ሰው የሞተበትን ሲያጽናና «ሶሪ» ይላል፤ ሳያይ እግር ሲረግጥ «ሶሪ» ይላል፤ የተነገረው ሳይሰማው ሲቀር «ድገምልኝ» ለማለት «ሶሪ» ይላል፤ በደሉንም ሲያምን ያው «ሶሪ» ነው።

እኛ ግን ለየነገሩ ልዩ ልዩ ቃል አለን። ኀዘንተኛውን «እግዚአብሔር ያጽናህ» እንለዋለን። ሰው ሲደናቀፍ «እኔን!» እንላለን፤ ይህም ጕዳቱ በአንተ ፈንታ በእኔ ይሁን ማለት ነው። ለበደል ግን «ይቅርታ» እንላለን። ይህም ቃል «ይቅር» ከማለት የወጣ ነው፤ ዕዳዬ ይቅርልኝ፥ አትፈልገኝ ማለት ነው። ልዩነቱን አስተውል። «ሶሪ» የሚል ሰው ስለ ራሱ ልብ ይናገራል፤ «ይቅርታ» የሚል ግን በሌላው ሰው ፊት ቆሞ ይለምናል። የፊተኛው ተናግሮ መሄድ ይችላል፤ የኋለኛው ግን የተበደለው ሰው እሺ ወይም እምቢ እስኪል ድረስ መጠበቅ አለበት።

ይህ የቃል ክርክር ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር የሚከተለውን ይስማ። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2001 ዓ.ም. በአፕሪል 1 ቀን የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላንና የቻይና የጦር አውሮፕላን በሃይናን ደሴት አቅራቢያ በባሕር ላይ ተጋጩ። ቻይናዊው አብራሪ ሞተ፤ የአሜሪካውም አውሮፕላን ሳይፈቀድለት በደሴቲቱ ላይ ዐረፈ፤ በውስጡ የነበሩት 24 ሰዎችም ተያዙ። ቻይና ይቅርታ ይጠየቀኝ አለች፤ አሜሪካ ግን ጥፋት የለብኝም አለች። በመጨረሻ የአሜሪካ አምባሳደር ስለ ሞተው አብራሪና ያለ ፈቃድ ስለ ማረፉ «ቬሪ ሶሪ» የሚል ደብዳቤ ጻፈ። ቻይናዎች ይህን በቋንቋቸው የይቅርታ ቃል አድርገው ተረጐሙት፤ አሜሪካኖች ግን ያዘንን መሆናችንን ተናገርን እንጂ ጥፋተኞች ነን አላልንም አሉ። ሰዎቹም ከ11 ቀን በኋላ ተለቀቁ። አንዱን ቃል እያንዳንዱ እንደ ወደደ አነበበው።

ሕግ አውጪዎችም ይህን አስተውለዋል። በአሜሪካ አገር የማሳቹሴትስ ግዛት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1986 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ በአደጋ ለተጐዳ ሰው የተነገረ የማጽናኛ ቃል እንደ ጥፋት ማመን ሆኖ በዳኛ ፊት እንዳይቀርብ ወሰነ። ሰው ከሙግት ፈርቶ የተጐዳውን ሳያጽናና እንዳይቀር ነውና፥ ሕጉ መልካም ምክንያት አለው። በመንግሥታት መካከልም ሁለት ትርጓሜ ያለው ቃል ጦርነትን ያበርድ ይሆናል። ነገር ግን በአንተና በወንድምህ መካከል፥ ይልቁንም በአንተና በእግዚአብሔር መካከል፥ እንዲህ ያለ ቃል ምን ይጠቅማል? ሁሉን ከሚያውቅ ጌታ ፊት በቃል ጥላ ሥር መሸሸግ አይቻልም።

ቅዱሳት መጻሕፍት ጸጸትንና ንስሐን ለይተው ያሳዩናል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 27 ቍጥር 3 ስለ ይሁዳ በግሪክ ቋንቋ የተጻፈው ቃል መጸጸትን ያመለክታል። ለንስሐ ግን ግሪኮች «ሜታኖያ» ይላሉ፤ ይኸውም የአሳብ መለወጥ ማለት ነው። ዕብራውያን ነቢያትም «ሹብ» ይላሉ፤ ይኸውም ተመለስ ማለት ነው። ይሁዳ እውነተኛ ሕመም ተሰምቶታል፤ መበደሉንም ተናግሯል፤ ሠላሳውንም ብር መልሷል። ምን ጐደለው? ወደ ካህናት አለቆች ሄደ እንጂ አሳልፎ ወደ ሰጠው ጌታ አልተመለሰም። ጴጥሮስም ጌታውን ክዶ መራራ ልቅሶ አለቀሰ፤ ነገር ግን በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21 እንደ ተጻፈ፥ ጌታን በባሕር ዳር ባየ ጊዜ ወደ ውኃው ዘሎ ወደ እርሱ መጣ፤ ሦስት ጊዜም የሚያሳዝነውን ጥያቄ ታገሠ። ሕመም በሁለቱም ነበረ፤ መመለስ ግን በአንዱ ብቻ ተገኘ።

ምናልባት፦ «የወሰድሁትን ከመለስሁ ልመናው ለምን ያስፈልጋል?» ትል ይሆናል። ገንዘብን የሚመልስ ሰው ዕዳውን ይከፍላል፤ የሰበረውን ልብ ግን በገንዘብ አይጠግነውም። ሌላውም፦ «ልቤ ካዘነ መመለሱ ለምን?» ይላል። የዘኬዎስን ታሪክ ያንብብ። ዘኬዎስ በሐሰት የወሰደውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ። ይህንም ያለው ጌታ ወደ ቤቱ እንዲገባ ዋጋ ሊከፍል አይደለም፤ ጌታ አስቀድሞ በስሙ ጠርቶታልና። ካሳ የምሕረት ዋጋ አይደለም፤ የንስሐ ፍሬ ነው። ፍሬ የሌለው ዛፍ ግን ሥሩ ሕያው መሆኑ ያጠራጥራል።

ይህን ስንል እንግሊዞችን ለመንቀፍ አይደለም። ከእነርሱም መካከል «ሶሪ» ሲል ልቡ የሚቈስል፥ የበደለውንም የሚክስ ብዙ ሰው አለ። እኛም ብንሆን «ይቅርታ» የሚለውን ታላቅ ቃል ሽማግሌ ስላስገደደን ብቻ እያልን ቂሙን በልባችን አዝለን ወደ ቤታችን የምንገባ ብዙዎች ነን። አባቶች «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ያሉት እውነት ነው። በዳይ ቃሉን ተናግሮ ነገሩ አለቀ ይላል፤ የተበደለው ግን ሌሊት ያስበዋል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ በገበያ የሰው እግር ብትረግጥ በወደድኸው ቋንቋ ተናገር፤ ማንም አይወቅስህም። ነገር ግን የሠራተኛህን ደመወዝ ይዘህ እንደ ሆነ፥ የባልንጀራህን ስም አጥፍተህ እንደ ሆነ፥ የወንድምህን ድርሻ ከርስቱ ነጥቀህ እንደ ሆነ፥ በቀላሉ ቃል አትለፈው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ጌታ መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ ወደ ወንድሙ የሚሄደውን ሰው እንዳስተማረ፥ አንተም ሂድ። ያደረግኸውን ነገር በስሙ ጥራው፤ «አጥፍቼ ከሆነ» አትበል፤ «አጥፍቻለሁ» በል። የወሰድኸውን መልስ። ከዚያም ይቅርታን ለምን፤ መልሱም ቢዘገይ ታገሥ፤ መስጠት የእርሱ ነውና።

«እኔን!» ብሎ የእኛን ሕመም በእውነት በራሱ ላይ የተቀበለ አንድ አዳኝ አለን። እርሱ የወደደን በቃል ብቻ አይደለም፤ እኛም ወደ እርሱና ወደ በደልነው ሰው በቃል ብቻ አንመለስ።