ተራን ስለ መጠበቅ

በየካቲት ወር 1970 ዓ.ም. ዋርድ ክሪስተንሰንና ራንዲ ሱዌስ የተባሉ ሁለት ሰዎች በአሜሪካ፣ በቺካጎ ከተማ፣ በስልክ የሚደረስበት የኮምፒዩተር ማስታወቂያ ሰሌዳ ከፈቱ። መስመሩ አንድ ብቻ ነበርና አንዱ ጽፎ እስኪወጣ ድረስ ሌላው ይጠብቅ ነበር። በ1980ዎቹም በአዲስ አበባ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ፓዲስ የተባለው ክፍል ደብዳቤን በስልክ መስመር ያመላልስ ነበር።

እንግዲህ ያ ትዕግሥት ምግባር ነበርን? አልነበረም እንላለን፤ ግድ ያመጣው ነበርና። በወላይታ ግን ሽማግሎች በጉታራ፣ ይኸውም በሸንጎው ሜዳ ሲመክሩ፣ መስመር ሳይጠባቸው አንዱ ሲናገር ሌላው ያደምጣል። ምግባር ማለት ይህ ነው። ዛሬ በሶዶ ያለ ወጣት በእጅ ስልኩ ተራ ሳይጠብቅ ይጽፋል፤ የሚከለክለው ስለሌለ ለባልንጀራው ተራ መስጠት የራሱ ፈንታ ሆኗል። ሽቦ ያስገደደንን ትዕግሥት እንግዲህ በፈቃዳችን እንያዘው።